ከቅዳሴ በኋላ ያለው አምልኮ

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ምእመን እሑድ ማለዳ ተነሥቶ ኪዳን አድርሶ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ስብከት ሰምቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ በእግዚአብሔር ቤት የቆየበት ሰዓት ቢበዛ 5 ይሆናል። እንግዲህ የቀረው 163 ሰዓት የማን ነው? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት የሂሳብ ጥያቄ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የሃይማኖት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። የቀረው ሰዓት የራሳችን ነው ያልን እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔርን በሳምንት አንድ ጊዜ እንደምንጠይቀው ዘመድ አደረግነው ማለት ነው። የእግዚአብሔር ነው ያልን እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነጋዴው በሱቁ፣ አስታማሚዋ በሆስፒታሉ፣ ሹፌሩ በመንገዱ፣ እናት በማጀቷ ሳሉ ይህን ሰዓት ለባለቤቱ የሚያስረክቡት በምን መንገድ ነው ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ይኸው ነው።

አስቀድመን የቃሉን ምሥጢር እንመልከት። አምልኮ የሚለው ቃል መለከ ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የተዛመደ ነው፤ መለከ ማለትም ገዛ፣ የራሱ አደረገ፣ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ማምለክ ማለት የፈጣሪን ባለቤትነት ዐውቆ መገዛት ማለት ነው። ባለቤት ደግሞ የቤቱን አንድ ማዕዘን ብቻ ይዞ ሌላውን ለሌላ አይለቅም። ስለዚህ በጸሎት ጊዜ ተገዝቶ በሥራ ጊዜ የሚሸፍት ሰው ፈጽሞ አምላኪ ሊባል አይችልም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በ12ኛው ምዕራፍ ክርስቲያኖች ሰውነታቸውን ሕያው መሥዋዕት አድርገው እንዲያቀርቡ መምከሩ ስለዚህ ነው። በኦሪት ዘመን ሰው ከመንጋው አንዱን በግ መርጦ ያቀርብ ነበር፤ ሐዋርያው ግን እጃችንን፣ እግራችንን፣ አንደበታችንን ሳይቀር ለእግዚአብሔር እንድናቀርብ ይፈልጋል። እጅና እግር ደግሞ እሑድ ብቻ የሚንቀሳቀሱ አይደሉም።

በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። የከተማይቱ ሰፈሮች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት በጥንት ከሰፈሩባቸው ሰዎች ሥራና ማዕርግ ነው። ጠመንጃ ያዥ የሚባለውም በቀድሞው ሥርዓት የጌታውን ጠመንጃ ይዞ የሚከተል አሽከር ነበር። የዚህ ሰው አገልግሎት ለምንናገረው ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የያዘው መሣሪያ የራሱ አይደለም፤ የጌታው ነው። ጌታው ሲነሣ ይነሣል፤ ጌታው ሲጓዝ ይከተላል፤ የሚጠራበት ሰዓት አይታወቅምና ዘወትር ተዘጋጅቶ ይቆማል። በግብር ቀን በአዳራሹ ታይቶ በዘመቻ ቀን የጠፋ ጠመንጃ ያዥ ቢኖር፣ እንጀራ በላ ይባላል እንጂ አገልጋይ አይባልም። ክርስቲያንም እንደዚሁ ነው። በአንገቱ ያሰረው ማዕተብ፣ በጥምቀት የተቀበለው ስም የጌታው ነው፤ እርሱ ተሸክሞት ይሄዳል እንጂ ሲሻው የሚያነሣው ሲሻው የሚያስቀምጠው አይደለም። አባቶቻችንም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በዘመቱ ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦት ይዘው፣ ካህናቱም ከሠራዊቱ ጋር ሆነው መሄዳቸው፣ አምልኮ በሰላም ቀን ብቻ የሚፈጸም፣ ሕዝቡ ወደ ጭንቅ ሲወጣ ከቤት የሚቀር ነገር አለመሆኑን ያስረዳል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ዐውቃ ዕለቱን በሙሉ በጸሎት ቀጥራዋለች። ነቢዩ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑን አብነት አድርጋ ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ወስናለች፤ እነርሱም ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታ ጊዜና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በነግህ ሌሊቱን በሰላም ስላሳለፈልን እናመሰግናለን፤ በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በስድስት ሰዓት ጌታችን መሰቀሉን፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን እናስባለን። በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሦስት ሰዓት በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሠራተኛ ለምሳ የሚነሣበት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ድካም የሚበረታበት፣ ቁጣም የሚቀርብበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸሎትን ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ሥራ ካለቀ በኋላ ብቻ አላደረገችም፤ በሥራው መካከል አኖረችው እንጂ። ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ ይስገድ ማለቷም አይደለም። በእጁ የያዘውን ሳይጥል፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሚደርስበት ጊዜ ልቡን ወደ ቀራንዮ መላክ የማይችል ሠራተኛ ግን የለም። ዛሬ በከተማው ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሥራው ሲሄድ በስልኩ መዝሙረ ዳዊት የሚያነብ ወጣት አይታጣም፤ ይህ የሚመሰገን ነው። መጽሐፉን ዘግቶ ከባቡሩ ሲወርድ ያነበበው ነገር አብሮት እንዲወርድ ብቻ መጠንቀቅ አለበት።

ጸሎትና ሥራ በአንድ ሰው እንዴት እንደሚስማሙ ለማየት የፈለገ ሰው ትንቢተ ዳንኤልን 6ኛውን ምዕራፍ ይመልከት። ዳንኤል መናኝ አልነበረም፤ በባዕድ መንግሥት የተሾመ፣ የብዙ አገረ ገዢዎች የበላይ የነበረ ሰው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር። የቀኑበት ሰዎች ሊከሱት በፈለጉ ጊዜ መጀመሪያ የመረመሩት ሥራውን ነው፤ በሥራው ግን ጉድለት አላገኙበትም። ሌላ ምክንያት ቢያጡ ጸሎቱን ክስ አደረጉበት። ዛሬ እኛን ሊከስ የሚፈልግ ቢኖር ምክንያት የሚያገኘው በጸሎታችን ነው ወይስ በመዝገባችን? የዳንኤል ጠላቶች የመዝገቡ ንጽሕና አስቸግሯቸው ወደ ጸሎቱ መጡ። በአንዳንዶቻችን ላይ የሚነሣ ከሳሽ ግን ወደ ጸሎታችን ሳይደርስ ክሱን ከገንዘብ ሣጥናችን፣ ከቢሮ መሳቢያችንና ከሚዛናችን ያገኘዋል። ይህ እጅግ ሊያሳስበን ይገባል።

የአገራችን ሕዝብ አነጋገር ራሱ በአምልኮ የተሞላ ነው። እንደምን አደርክ ለሚለው ሰላምታ የምንሰጠው መልስ ምስጋና ነው፤ ለተቀበልነው ስጦታ ዋጋውን እንዲሰጥልን የምንለምነው እግዚአብሔርን ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በእመቤታችን ስም ትታገዛለች፤ ለሞተው ነፍስ ይማር እንላለን። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲገባ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም እንደ ባረካቸው፣ እነርሱም በዚያው ስም እንደ መለሱለት ተጽፏል፤ ባለጠጋውና የቀን ሠራተኛው በአንድ ስም ተሳልመው ሥራቸውን ጀመሩ። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው የከበረ ርስት ነው። ነገር ግን ርስት በከንቱ ሊባክን ይችላል። ከልደታ ብዙ በማይርቀው በመርካቶም ሆነ በሌላው ገበያ፣ የቅዱሳን ስም በአንድ ቀን ስንት ጊዜ በመሐላ እንደሚጠራ ሁላችን እናውቃለን። ሻጩ በማርያም ስም ምሎ ከዋጋዬ በታች ነው ይላል፤ ገዢውም በሚካኤል ስም ምሎ ሌላ ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ሁለቱም እንደማይተማመኑ ያውቃሉ። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት የሚከለክለው ትእዛዝ የሚጣሰው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ስሙ ሲጠራ የምንሰግድለት፣ በገበያ ስሙን ጠርተን የምንዋሽበት ከሆነ፣ ስግደቱ ምን ረባን?

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው ስሕተት ሥርዓቱን የፈጸመ ሰው ሂሳቡን የዘጋ መስሎት መኖሩ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፤ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታን ሳያጓድል ይፈጽማል፤ በወሩ የሚውሉትን በዓላት በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ጧፍና ዕጣን ከእጁ አይለይም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ሳይከፍል ሦስት ወር ያልፈዋል፤ ከወንድሙ ጋር በአንድ ቤት ድርሻ ምክንያት ተካሶ ሰላምታ ከተቋረጠ ዓመታት ሆኖታል፤ ይህም በጾሙ ላይ ምንም ጉድለት እንዳመጣበት አይሰማውም። የቴቁሔው እረኛ ነቢዩ አሞጽ የተነሣው እንደነዚህ ባሉት ላይ ነው። ሰንበት እስኪያልፍ ድረስ በትዕግሥት ቆመው፣ በልባቸው ግን መቼ ነው ስንዴውን በጎደለ መስፈሪያ የምንሸጠው እያሉ የሚቸኩሉትን ነጋዴዎች በ8ኛው ምዕራፍ ይወቅሳቸዋል። እነዚያ ሰዎች ሰንበትን አልሻሩም፤ ሥርዓቱን ጠብቀዋል። ሰውነታቸው በበዓሉ ሳለ ልባቸው በሐሰተኛው ሚዛን ነበረ እንጂ። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ ጾመን ለምን አልታየንም ብለው ለጠየቁት ሕዝብ የሰጣቸው መልስ፣ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ምሥጢር ያለው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ንጹሕ አምልኮ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና መበለቶችን በችግራቸው መጠየቅን፣ ከዓለም ርኵሰትም ራስን መጠበቅን በአንድነት አስቀምጧል።

ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ የተለየ ነገር አታስተምርም። ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሳት መባ ሲቀበሉ ከማን እጅ እንደሚቀበሉ እንዲመረምሩ ታዝዛለች፤ ሚዛን ከሚያጎድል፣ መበለትንና ሙት ልጅን ከሚያስጨንቅ ሰው የመጣ መባ ወደ መሠዊያው እንዳይቀርብ ትከለክላለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ወንጌለ ማቴዎስን ሲተረጕም፣ ክርስቶስን በመቅደስ ውስጥ በሐር እያከበሩ በደጅ በብርድና በራቁትነት ሲሠቃይ በድሃው አካል የሚያልፉትን ገሥጿል። አባቶች ይህን ያሉት የመቅደሱን ክብር ለማቃለል አይደለም፤ በመቅደስ የሚከብረውና በደጅ የሚቀመጠው አንድ መሆኑን ለማስታወቅ ነው።

ቅዳሴያችንን በማስተዋል የተመለከተ ሰው ይህን ትምህርት በዚያው በሥርዓቱ ውስጥ ያገኘዋል። ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስት ከስንዴ ይዘጋጃል፤ ወይኑም ከዘቢብ ይጨመቃል። ስንዴውን ገበሬ አርሶ ዘርቶ ያመርተዋል፤ ዘቢቡን ነጋዴ ከሩቅ ያመጣዋል፤ አንዲት እናትም ከዕለት ጉርሷ ቀንሳ ገዝታ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጠዋለች። እንግዲህ የዓለም ሥራ ሁሉ፣ እርሻውና ንግዱ፣ በቤተ ልሔሙ በር ገብቶ ወደ መሠዊያው ይደርሳል ማለት ነው። እግዚአብሔር ስንዴውን ተቀብሎ ሥጋውን ከሰጠን፣ ስንዴው የተገዛበት ገንዘብ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የሃይማኖት ጥያቄ እንጂ የገበያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ደግሞም በቅዳሴው ውስጥ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ ሕሙማንና ስለ መንገደኞች ይጸለያል፤ ዲያቆኑም ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ያዝዛል። ይህ ሰላምታ በግራና በቀኝ ላለው ሰው ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይደለም። ጌታችን በተራራው ስብከት መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ሰው፣ ትእዛዙን መፈጸሙ የሚታወቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቅዳሴ በሳምንቱ ውስጥ ያጠፋነውን ሁሉ ሸፍኖ የሚያሳልፍ መጋረጃ ሳይሆን፣ ሳምንቱ የሚመረመርበት ብርሃን ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው የተገላቢጦሽ ነው። ይኸውም፣ ልቤ ንጹሕ ነው፣ ሰው አልበድልም፣ ሥራዬ ጸሎቴ ነው፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ መጾም፣ መስገድ ምን ያደርግልኛል የሚል ነው። ይህ አነጋገር በተለይ በተማሩት ወጣቶች ዘንድ እየተሰማ ነው፤ ለመልሱም ቁጣ አያስፈልገውም። ጧፍ ሰሙ የጠራ፣ ክሩም የጸና ሊሆን ይችላል፤ እሳት ካልነካው ግን አያበራም። የሰውም መልካምነት እንደዚሁ ነው። ዛሬ ባልንጀራውን የማይበድል ሰው፣ ነገ ባልንጀራው ሲበድለው ይቅር የሚልበትን ኀይል ከየት ያመጣዋል? ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን በምድረ በዳ ካጠገበ በኋላ ሕዝቡን አሰናብቶ ለመጸለይ ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ፤ በሰንበትም እንደ ልማዱ ወደ ምኵራብ ይገባ ነበር። እርሱ ስለ እኛ አብነት ሊሆን ይህን ካደረገ፣ እኛ በሥራችን መልካምነት ተማምነን ከጸሎት ልንቀር እንዴት ይቻለናል? ሥራ ጸሎት ሊሆን ይችላል፤ የሚሆነው ግን ከጸሎት ለሚነሣ ሰው ነው።

በልደታ ስም የሚጠሩ ሁለት ታላላቅ ቦታዎች በዚያ አካባቢ ይገኛሉ፤ አንዱ የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሁለተኛው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታው ምድብ ችሎት ነው። አንድ ሰው ማለዳ በፊተኛው ቦታ ተሳልሞ፣ በሦስት ሰዓት በሁለተኛው ቦታ ለምስክርነት ሊቀርብ ይችላል። በሁለቱም ቦታ የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል፤ በቤተ ክርስቲያን ለጸሎት፣ በፍርድ ቤት ለመሐላ። ሐዋርያው ያዕቆብ ከአንድ ምንጭ ጣፋጭና መራራ ውኃ እንደማይፈልቅ ያስተማረው ለዚህ ሰው ነው። በሐሰት ቢመሰክር፣ አንዱ ቤቱን ያጣል፤ ሌላው ያለ ጥፋቱ ይታሰራል፤ ልጆች ያለ አባት ያድራሉ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ተናግሮ የዘመዱን ቂም ቢሸከም ግን፣ አፉ ዕጣን እንደሚያጤስ ጽና ይሆናል። የዚህን ሰው አምልኮ የምንመዝነው ማለዳ በሳመው ደጅ ብቻ ነውን? አይደለም፤ ማለዳ የሳመው ደጅ እውነት መሆኑ የታወቀው በችሎቱ ፊት ነው። የክርስቲያን አምልኮ ከባዱ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ካህን በሌለበት፣ ደወል በማይሰማበት ቦታ ነው።

አሁን ደግሞ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁበትን አንድ ነገር እንይ። አምልኮና የባልንጀራ አገልግሎት በአንድ ሰዓት ሲገናኙ የትኛው ይቅደም? በደጃዝማች ባልቻ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ሌሊቱን በሥራ ያሳለፈች አስታማሚ የእሑዱ ቅዳሴ ያልፋታል፤ አረጋዊት እናቷን የምታስታምም ሴት ግንቦት 1 ቀን የልደታ ንግሥ ሲከበር ከቤት መውጣት አይቻላትም። እነዚህ ሴቶች ከአምልኮ ርቀዋልን? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፣ በሰንበት ቀን በሬው ወይም አህያው ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅበት የማያወጣ ማን ነው ብሎ ፈሪሳውያንን ጠይቋል። ለእንስሳ የተፈቀደ ለእናት አይከለከልም። ነገር ግን ይህን መልስ ሰነፍ ሰው እንዳይሸሸግበት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ የቀረሁበት ምክንያት በእውነት ሌላ ሰው የሚጎዳበት ነው ወይስ ለራሴ ምቾት የፈጠርሁት? ሁለተኛ፣ አስቀድሜ ባስብበት ኖሮ ሁለቱንም ማድረግ አይቻለኝም ነበርን? ሦስተኛ፣ ቅዳሴው ሲያልፈኝ ልቤ አዝኗልን? አልጋው አጠገብ ቆማ ደወሉን ስትሰማ ልቧ ወደ መቅደስ የሚሄድ ሴት በዚያ ቅዳሴ ድርሻ አላት። ተኝቶ ያሳለፈው ግን ምክንያቱን ቢያስረዝምም ድርሻ የለውም።

የቀን ሠራተኛም አለ፤ ካልሠራ አይበላም። እሑድ ድንጋይ የሚሸከመው ወጣት ስለ ሰንበት ሲወቀስ እንሰማለን፤ የሚያሠራው ሰው ግን በፊት መደዳ ቆሞ ሲያስቀድስ አይወቀስም። በኦሪት ዘዳግም በ5ኛው ምዕራፍ የሰንበት ትእዛዝ ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም፤ አገልጋዩም እንደ ጌታው እንዲያርፍ በግልጽ ታዝዟል። እንግዲህ የሠራተኛው ሰንበት በአሠሪው እጅ ነውና፣ ጥያቄው አስቀድሞ ወደ አሠሪው ይሄዳል። ሌላውን እያሠራ ራሱ የሚያርፍ ሰው ሰንበትን አላከበረም።

አባቶቻችን አምልኮ ከመቅደስ ወጥቶ ወደ ቤት የሚደርስባቸውን ድልድዮች ሠርተውልን ሄደዋል። ሰንበቴ አንዱ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በደጀ ሰላም ተሰብስበው ያመጡትን ከካህናትና ከነዳያን ጋር ይቀምሳሉ፤ ከመሠዊያው ወደ ማዕድ የሚወስደው መንገድ ጥቂት ርምጃ ብቻ ነው። የጽዋ ማኅበር ሁለተኛው ነው፤ በወሩ በአንድ የቅዱስ መታሰቢያ ቀን ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ባለጠጋውም ድሃውም በየተራው ያስተናግዳል፤ የተጣሉትም ጽዋው ሳይነሣ ይታረቃሉ። የአብነት ትምህርት በተማርንበት ዘመን፣ አኩፋዳ ይዘን በየደጁ ስንለምን በእመቤታችን ስም ቍራሽ የሰጡን እናቶች ዜማም ቅኔም አልተማሩም ነበር። ነገር ግን በእኛ አፍ የሚዜመው ሁሉ ከእነርሱ መሶብ የወጣ ነው፤ ስለዚህ በማሕሌቱ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

በዘመናችን እነዚህ ድልድዮች ተፈትነዋል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በልደታ አካባቢ ብዙ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ረጃጅም ሕንጻዎች ተሠርተዋል፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሄደዋል። በአንድ ግቢ የኖሩ ጎረቤቶች ተለያዩ፤ ማኅበርተኛው ከማኅበርተኛው ራቀ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ውኃና መብራት ቢኖረውም፣ በደረጃው ላይ የሚተላለፉ ሰዎች ስም ለስም የማይተዋወቁበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ አምልኮ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ የተወሰነ እንደ ሆነ፣ ቅጥሩ ሲርቅ አምልኮውም ይርቃል። በቤቱና በጎረቤቱ መካከል የተተከለ እንደ ሆነ ግን፣ ሰው በሄደበት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ወደ አዲስ ሰፈር የገባ ክርስቲያን መጀመሪያ የሚፈልገው የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም በፎቁ ላይ ያለውን የታመመ ጎረቤት ይሁን። ግንቦት ልደታ በመጣ ጊዜ ጎረቤት በደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ የሚቀምስበት ልማድ፣ ከባዕድ አምልኮ ጠርቶ፣ በእመቤታችን ምስጋና ተባርኮ በሕንጻዎቹ ሥር ቢቀጥል እጅግ ያስደስታል፤ ንፍሮ ያቀላቀላቸው ሰዎች በኀዘን ቀን አይተጣጡምና።

ለካህናት ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ በአንድነት የአጥቢያቸውን አገልግሎት ይመራሉ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከተወረሰ በኋላም ቤተ ክርስቲያናችን ይልቁን የምትኖረው በምእመናን አስተዋጽኦ ሆኗል። ይህም ማለት የምንቀድስበት ዕጣን፣ የምንለብሰው ልብሰ ተክህኖ የልብስ ሰፊውና የሻይ ሻጯ ላብ ነው። ላባቸውን ከተቀበልን የሥራቸውን ፈተና ማወቅ ይገባናል። የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን ሲጠይቅ ጾመሃልን ብቻ ብሎ አይለፍ፤ ዕዳህን ከፍለሃልን፣ የሠራተኛህን ደመወዝ ሰጥተሃልን፣ ከማን ጋር ተኳርፈሃል ብሎ ይጠይቅ። ቤቱን በጠበል ሲረጭም ማዕዘኑን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ኑሮ ይመልከት።

በመጨረሻ፣ ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ማንም ሊፈጽመው የሚችለውን ጥቂት ነገር እናመልክት። ከእንቅልፍህ ስትነሣ ስልክህን ከማንሣትህ በፊት በስመ አብ ብለህ አማትብ። በስድስት ሰዓት ምሳህ ሲቀርብ መስቀሉን አስብ። በቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ዋጋ ያለ መሐላ ተናገር፤ ሲለመድህ ሁሉን ያለ መሐላ ትናገራለህ። የሠራተኛህን ዋጋ ኦሪት እንዳዘዘችው ፀሐይ ሳትገባ ስጥ። ከመተኛትህ በፊት የተቀየምኸው ሰው ካለ ቢቻልህ ድምፅህን አሰማው፣ ባይቻልህ በጸሎትህ ስሙን ጥራ። ይህን ያደረገ ሰው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ 163ቱን ሰዓት ይዞ ይመጣል። ዲያቆኑ በቅዳሴው ፍጻሜ ሕዝቡን በሰላም ሲያሰናብትም፣ አገልግሎቱ አለቀ ብሎ አይወጣም፤ ወደ አገልግሎቱ ይሄዳል እንጂ።

በመቅደሱ የምናመልከው አምላክ በሥራችንም፣ በቃላችንም፣ በማዕዳችንም እንድናመልከው ኀይሉን ይስጠን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።